የማንም ያልነበረ ሥራ

የመጀመሪያዋ ጠብታ ከሦስተኛው መስኮት በላይ ብቅ አለች። ጥቂት ተንጠልጥላ ቆየች፤ ሞላች፤ ከበዳት፤ ከዚያም ላስቲኩ ገና ያልተገፈፈለት አዲስ ወንበር ላይ ጠብ አለች። ሁለተኛዋም ብዙ አላስጠበቀችም። ሥራ አስኪያጇ በአውቶቡሱ መተላለፊያ መካከል ቆማ ወደ ላይ አንጋጣ ስትመለከት፣ ከውጭ በፓምፕ የሚረጨው ውሃ ጣሪያውን እንደ በረዶ ይደበድበው ነበር። ሦስተኛዋ ጠብታ ግንባሯ ላይ አረፈች። አልጠረገቻትም።

ይህ ፈተና ለወትሮው ከርክክብ ብዙ ቀደም ብሎ ይደረጋል። ይህ አውቶቡስ ግን በአዲሱ አዳራሽ ውስጥ ከብረት አጥንቱ ጀምሮ የተሠራ የመጀመሪያው ስለሆነ ነገር ሁሉ ተጓተተበትና የውሃው ፈተናና የገዢው ቀጠሮ አንድ ቀን ላይ ወደቁ። ገዢው ከከተማ ከተማ ሰው የሚያመላልስ ትልቅ ድርጅት ባለቤት ነው። አንድ ጊዜ ቀጥረውት፣ አልደረሰልንም ብለው ይቅርታ ጠይቀው መልሰውታል። በስልክ ሲመልስላት ድምፁን ከፍ እንኳ አላደረገም፤ ለሁለተኛ ጊዜ እንደሚመጣ፣ ለሦስተኛ ጊዜ ግን እንደማይመጣ ብቻ ነገራት። እሱ ካዘዘ አዳራሹ ዓመቱን ሙሉ ሥራ አይፈታም። ካላዘዘ ደግሞ በቅርብ የተቀጠሩት ሠራተኞች በሙሉ ወደየቤታቸው ናቸው። አብዛኞቹን ቁጭ አድርጋ አነጋግራ የቀጠረቻቸው ራሷ ነበረች። ከሰዓት በኋላ ሊመጣ ነው፤ አውቶቡሱ ግን ያፈሳል።

ድርጅቱ የተወለደው በአባቷ ግቢ፣ በአንዲት የቆርቆሮ ጥላ ሥር ነው። በዚያን ጊዜ አውቶቡስ የሚሠራው እንደ ቤት ነበር። ሞተርና ጎማ ብቻ ያለው ባዶ ሻንሲ እየተጎተተ ይገባል፤ ሰዎቹ ይከቡታል፤ አጥንቱን በይደው፣ ላሜራ አልብሰው፣ መስታወት ገጥመው፣ ወንበር ሰፍተው፣ ቀለም ቀብተው እስኪጨርሱ ድረስ ያው አንድ ቡድን ከላዩ አይነሳም። በያጁ እጁ ሲፈታ ለቀለም ቀቢው ስቱኮ ያሻል፤ ወንበር ሰፊዋ ጨርቅ እስኪመጣላት ድረስ የመስኮት ጎማ ትገጥማለች። እሷም ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደብተሯን አንዱ ወንበር ላይ ወርውራ መካከላቸው ስትሽሎኮሎክ አደገች። ዛሬ አርባ ዓመት አልፏት፣ በቢሮዋ በር ላይ ማዕረጓ ተለጥፎ እያለ፣ የድሮዎቹ ሠራተኞች አሁንም ከኋላዋ «ልጅቱ» የሚሏት ለዚህ ነው።

አባቷ ሲሞቱ ሁሉም ሰው ድርጅቱን የሚረከቡት የአባቷ ታናሽ ወንድም ይመስሉት ነበር። የብየዳ ክፍሉ ኃላፊ እሳቸው ናቸው፤ ትልቁም ትንሹም «ጋሼ» ነው የሚላቸው። ጋሼ ግን ሠራተኛውን ሰብስበው፣ ለመሪነት እሷ እንደምትሻል፣ እሳቸው ከብረት ጋር እንጂ ከሰው ጋር መነጋገር እንደማይሆንላቸው ተናገሩና ጉዳዩን ዘጉት። ልጅቱም አላሳፈረቻቸውም። ትዕዛዙ በዛ፤ ግቢው ጠበበ፤ አዲስ አዳራሽ ተሠራ፤ ሥራውን የሚያቀናጅ መሐንዲስ ከውጭ ተቀጠረ። ከዚያ በኋላ የሚንቀሳቀሰው አውቶቡሱ እንጂ ሰዉ አልሆነም። ወለሉ ላይ በተዘረጋ ሰንሰለት እየተጎተተ ከብየዳ ጣቢያ ወደ ቀለም ጣቢያ፣ ከቀለም ወደ መስታወት፣ ከመስታወት ወደ ወንበር ያልፋል። ሁሉም የየራሱን ብቻ ሠርቶ ያሳልፋል። ቀድሞ «አውቶቡስ ሠራን» ይሉ የነበሩ ሰዎች «በር ገጠምን»፣ «ጣሪያ በየድን» ማለት ጀመሩ።

መሐንዲሱ ትሑት፣ ቀጭን፣ ነገር አብዝቶ የሚያስብ ወጣት ነበር። ከኪሱ ሜትሮ ስለማይለይ ስሙ በሁለተኛው ቀን «ሜትሮ» ሆነ። ከጋሼ ጋር ግን ገና ከጅምሩ ሆድና ጀርባ ሆኑ። በአንድ አዳራሽ ውስጥ እየዋሉ በቀጥታ መነጋገር ካቆሙ ቆይተዋል። ጋሼ የሚሉት ነገር ሲኖራቸው ወደ እሷ ዞረው «ለሰውዬው ንገሪው» ይላሉ። ሜትሮም መልሱን ለእሷ ይሰጣል። እሷ የአንዱን ቃል አለስልሳ ለሌላው ታደርሳለች። ሲመሽ ቤቷ ገብታ ጫማዋን ስታወልቅ፣ ቀኑን ሙሉ እንደ ስልክ ሽቦ ስታገለግል መዋሏ ይታወቃት ነበር።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ ካፖርቷን እንኳ ሳታወልቅ ጋሼ ቢሮዋ ገቡ። ተቀመጡ ብትላቸው እምቢ አሉ። ይህ አውቶቡስ ከወጣ በኋላ ማረፍ እንደሚፈልጉ፣ ከድሮዎቹም አብረዋቸው የሚወጡ እንዳሉ፣ ስለ አየር ጠባይ እንደሚያወራ ሰው በዝግታ ነገሯት። ልትለምናቸው አፏን ስትከፍት እጃቸውን አነሱ።

«እኔ ሰው ነበርኩ» አሉ። «ጣቢያ አደረጋችሁኝ።»

ያ ቃል ከጠዋት ጀምሮ አልለቀቃትም። አሁን ደግሞ ይሄ ጠብታ።

ከአውቶቡሱ ስትወርድ ወሬው ቀድሟት ነበር። ሠራተኛው ሥራውን ጥሎ ተሰብስቧል። ጣት መቀሳሰር ተጀምሯል። በያጆቹ ክፍተት የሚደፍነውን ሲሊኮን የቀባው ሰው ሥራ ነው ይላሉ። መስታወት ገጣሚዎቹ ላሜራው ጠማማ ሆኖ ነው የመጣልን አሉ። የቀለም ክፍሉ ኃላፊ ጣልቃ ገብቶ፣ እሱ የቀባው ቀለም እንጂ ጃንጥላ እንዳልሆነ ተናገረ። ይህ ሰው «ቀለሜ» ይባላል፤ ተማሪ ቤት እያለ ከመጨረሻው ወንበር ተነስቶ አያውቅም ነበርና ስሙን የሰጡት ጓደኞቹ ዛሬም ይስቁበታል። አሁን ግን የሳቀለት አልነበረም። ጋሼ እጃቸውን ኋላቸው አጣምረው ወደ እሷ ዞሩ።

«ለሰውዬው ንገሪው። በእኔ ግቢ አፍስሶ አያውቅም።»

ሜትሮ ፊቱ አመድ መስሏል። ወደ ጎን ሳብ አድርጓት፣ ለገዢው ደውለው አንድ ሳምንት እንዲጠይቁ፣ እሱ ላሜራዎቹ የሚጋጠሙበትን ስፌት አንድ በአንድ እንደሚመረምር በሹክሹክታ ነገራት። ጋሼ ይህን ሰሙ መሰል፣ በድሮው ግቢ በእጃቸው ሠርተው የጨረሱት አውቶቡስ መኖሩን፣ ሰውዬው እሱን ቢያይ ጠብታ እንደማያገኝበት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ተናገሩ። ከኋላቸው የነበሩት የድሮ ሠራተኞች ራሳቸውን ነቀነቁ። አዲሶቹ ደግሞ መሬት መሬቱን ያያሉ።

ሁለቱም ያሉት የሚያስኬድ ነበር። እሷ ግን በሆዷ የምታስበው ስለ ገዢው አልነበረም። ገዢው የድሮውን አውቶቡስ አይቶ ቢያዝ፣ ነገም የሚያፈስ አውቶቡስ እዚሁ ይሠራል። ቀጠሮውን ብታራዝም ደግሞ በዚያ ሳምንት ውስጥ እነዚህ ሰዎች ዓይን ለዓይን የማይተያዩ ይሆናሉ። እስከ ዛሬ የተናገሩትን ሁሉ አለስልሳ አቀባብላለች። ይህን ውሃ ግን ማለስለስ አይቻልም፤ ይወርዳል፣ በቃ።

ፓምፑን ሊያጠፋ የሄደውን ሠራተኛ ጠርታ እንዳያጠፋው አዘዘች። ከዚያም የየክፍሉ ኃላፊዎች አውቶቡሱ ውስጥ እንዲገቡ ተናገረች። ሜትሮ ገባ። ቀለሜ ገባ። የወንበር ክፍሉን የሚመሩት እትዬ፣ መርፌያቸውን ደረታቸው ላይ እንደሰኩ፣ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ገቡ። ጋሼ ካሉበት አልተነቃነቁም። ሰው ሁሉ ወደ እሳቸውና ወደ እሷ እያፈራረቀ ያያል።

ቀረበቻቸውና ድምፅዋን ሳታነሳ፣ ሳትለምንም፣ «ጋሼ፣ የመጀመሪያውን አውቶቡስ ውሃ ሲረጩት ከአባባ ጋር ውስጥ ተቀምጠው ነበር» አለች። «ይሄም የእርስዎ ነው። ካልገቡ እኔም አልገባም።»

ጋሼ በአጠገቧ አልፈው ደረጃውን ወጡ። ተከትላቸው ገብታ በሩን ዘጋችው።

ውስጡ ሌላ ዓለም ነበር። ውሃው በመስታወቶቹ ላይ መጋረጃ ሆኖ ስለሚወርድ የአዳራሹ መብራት ደብዝዞ፣ ተወላግዶ ነው የሚገባው። የጣሪያው ጩኸት ጆሮ ይደፍናል። ለመነጋገር አፍን ጆሮ ሥር ማድረግ ግድ ነበር። ወዲያው ክርክሩ ካቆመበት ቀጠለ፤ ቀለሜ ወደ መስታወቱ፣ ሜትሮ ወደ ላሜራው፣ ጋሼ ወደ አየሩ ይጠቁማሉ። እሷ በቡጢዋ የወንበር ጀርባ መታች።

«ማን አጠፋ አላልኩም። የምጠይቀው ከየት ይገባል ብዬ ነው።»

ሜትሮ ጠብታው ያለበት ቦታ ቆሞ ወደ ላይ ካየ በኋላ፣ ወደ ኋላ ሄደ፣ ወደ ፊት ተመለሰ፣ ጎንበስ ብሎ ወለሉን አየ። የማጠቢያው ቦታ ወለል ውሃው ወደ ፍሳሹ እንዲወርድ ተብሎ ዘቅዘቅ ተደርጎ የተሠራ መሆኑ ትዝ አለው። አውቶቡሱ ወደ ኋላ አዘንብሏል። እንግዲያው ውሃው እዚህ ጠብ ይላል እንጂ የሚገባው ከፊት ነው፤ በአጥንቱ ላይ ተንሸራትቶ እዚህ ሲደርስ ነው መውጫ የሚያገኘው። ይህን እየተናገረ፣ ሳያስበው፣ የሚናገረው ለጋሼ ነበር። ጋሼም ሳያስቡት አዳመጡት። የፊተኛውን መስኮት አዩ፤ አጥንቱን በዓይናቸው ተከተሉ፤ ከዚያ የፊተኛው ወንበር ላይ ለመውጣት እግራቸውን አነሱ።

«በጫማህ ወንበሬ ላይ ወጥተህ እንዳላይህ» አሉ እትዬ።

ጋሼ ጫማቸውን አወለቁ። የግራ እግር ካልሲያቸው ተቀዶ አውራ ጣታቸው ሙሉ በሙሉ ብቅ ብሏል። እትዬ አይተው እንዳላዩ ሊሆኑ ሞከሩ፤ አልቻሉም። ቀለሜ አፉን በክንዱ ሸፈነ። ጋሼ ወደ ታች ጣታቸውን አዩና፣ ሥራ አስኪያጇ ለረጅም ጊዜ ያልሰማችውን ሳቅ፣ ያንን ትከሻ የሚያንቀጠቅጠውን ሳቅ ሳቁ። ሜትሮ ግን መሳቅ ይፈቀድለት እንደሆነ ስላላወቀ ከንፈሩን ነክሶ ቆመ።

የውስጠኛውን ሽፋን ፈትተው አወረዱት። ጋሼ አንገታቸውን አስግገው ቀዳዳው ውስጥ አጮለቁ። ጨለማ ነው። እጃቸውን ወደ ኋላ ዘረጉ።

«ና አንተ፣ መብራቱን ወደዚህ አድርግልኝ።»

«አንተ» የተባለው ሜትሮ ነበር። የስልኩን መብራት አብርቶ ጎናቸው ወጣ፤ እሱም ጫማውን አውልቆ። ሁለቱ ጭንቅላታቸውን አጋጥመው አዩት። ከአሸንዳው ጀርባ፣ ጣሪያውና ጎኑ በሚገናኙበት ስፌት ላይ፣ ውሃው እንደ ክር ቀጥኖ ይገባል። ብየዳው ደህና ነው። ላሜራው ቀጥ ያለ ነው። ቀለሙም አልተሰነጠቀም። ግን ከውስጥ በኩል ስፌቱ ራቁቱን ነው፤ ሲሊኮን አልተቀባም።

«ይሄን የሚቀባው ማን ነበር?» አለች እሷ።

ሜትሮ በስዕሉ ላይ እንደሌለ፣ የየጣቢያውን ሥራ ሲያከፋፍል ማንም እንዳልነገረው በቀስታ ተናገረ። ጋሼ ለመቆጣት ዓይናቸውን አፈጠጡና መልሰው ተዉት፤ ለካ እሳቸውም አያውቁትም ነበር። በግቢያቸው አፍስሶ አያውቅም፤ ለምን እንደማያፈስ ግን ጠይቀው አያውቁም። ቀለሜ ራሱን እያከከ፣ አንዳንዴ ቀለም እስኪደርቅ ሥራ ሲፈታ እሱ ይቀባ እንደነበር አስታወሰ። እትዬም ጨርቅ ሲዘገይባቸው እሳቸውም ቀብተዋል። ለጋሼም፣ አሁን ሲያስቡት፣ ሟች ወንድማቸው ወሬ እያወሩ ሲቀቡት ይታያቸዋል። ስም ያልነበረው ሥራ ነው። ያለፈ ያገደመው ሁሉ፣ ክፍት ሆኖ ሲያየው፣ የሚደፍነው። ሥራው ለየጣቢያው ሲከፋፈል ይሄ የማንም አልነበረምና ለማንም አልደረሰም።

እሷ መስኮቱ ላይ የሚወርደውን ውሃ እያየች ይህን ሰማች። እነዚህን ሰዎች በየጣቢያቸው ስታቆም ምን እንዳፈረሰች አሁን ገና ገባት። ወደ ጥላው መመለስ አይቻልም፤ ደግሞም አልፈለገችም። ያ ግቢ በዓመት የሚያወጣውን አውቶቡስ ይህ አዳራሽ በአንድ ወር ማውጣት ይችላል። ግን ጣቢያና ጣቢያ በሚገናኙበት ስፌት ላይ ማንም አልቆመም። ልቧ በመክበድ ፈንታ፣ በሚገርም ሁኔታ፣ ቀለላት። የምታክመው ነገር አገኘች።

ከዚያ በኋላ የነበረው ጥድፊያ ነው። ስፌቱ ከፊት እስከ ኋላ በሁለቱም ጎን ተከፈተ። በያጅ ይሁን ቀለም ቀቢ፣ አዲስ ይሁን ነባር ሳይባል፣ እጁ ነጻ የሆነ ሁሉ ጨርቅ ይዞ አደረቀ፣ ሲሊኮን ይዞ ቀባ። ነገር ግን ሲሊኮኑ እስኪጠና ጊዜ ይፈልጋል፤ ገዢው ደግሞ መንገድ ላይ ነው። ቀለሜ የቀለም ማድረቂያውን ክፍል ሙቀት ከፍ ቢያደርጉት እንደሚፈጥን ተናገረ። ማድረቂያው ግን ያለው ከኋላ ነው። ሰንሰለቱ ደግሞ ወደ ፊት ብቻ ነው የሚጎትተው፤ ቀለም ባለበት አዳራሽ ውስጥም ሞተር ማስነሳት ክልክል ነው። ሁሉም ወደ ሜትሮ ዞረ። ወደ ኋላ የሚመለስ አውቶቡስ መኖር የለበትም ብሎ ከመጣ ጀምሮ ሲሟገት የኖረው እሱ ነው።

ሜትሮ ሜትሮውን ከኪሱ አውጥቶ፣ ምንም ሳይለካበት፣ መልሶ ከተተው።

«ወደ ኋላ እንግፋው» አለ።

ገፉት። ከሰንሰለቱ ተፈታና ግንባሩ ላይ፣ ጎኑ ላይ፣ የበሩ እጀታ ላይ ሳይቀር ሰው ተለጠፈበት። መጀመሪያ አልነቃነቅ አለ። ጋሼ ከፊት ሆነው ድምፅ ሰጡ፤ አዲሶቹ ልጆች ተቀበሏቸው፤ እትዬ ጡንቻ ባይኖራቸው ድምፅ አላቸውና ከሁሉ በላይ ጮኹ። ጎማዎቹ ቀስ ብለው ዞሩ። ሥራ አስኪያጇ በአንድ ወገን በበያጅ፣ በሌላው ስሙን በማታስታውሰው አዲስ ሠራተኛ መካከል ተጨፍልቃ ስትገፋ፣ ጫማዋ ወለሉ ላይ እየተንሸራተተ፣ ሳቅ ሳቅ አላት። ግዙፉ ነገር በሰው ጉልበት ብቻ አዳራሹን አቋርጦ ማድረቂያው ውስጥ ሲገባ፣ ማን እንደጀመረው ያልታወቀ ጭብጨባ ተነሳ።

ገዢው ሲደርስ አውቶቡሱ ሲሊኮኑ ጠንቶለት፣ ተመልሶ ማጠቢያው ቦታ ላይ ቆሟል። ገዢው ባለ ሙሉ ልብስ፣ ጫማው መስታወት የሚመስል ሰው ነው። ሰላምታ ከተለዋወጡ በኋላ እሷ ዙሪያ ጥምጥም አልሄደችም። አውቶቡሱ ጠዋት አፍስሶ እንደነበር፣ ከየት እንደሚገባ አግኝተው እንደዘጉት፣ አሁንም እሱ ባለበት እንደሚፈትኑት ነገረችው። ከኋላዋ ትንፋሽ ሲቋረጥ ሰማች።

ገዢው ዓይን ዓይኗን አያት። «እና ጠዋት ያፈሰሰ አውቶቡስ ልትሸጪልኝ ነው?»

«ከውስጥ ሆነው ይዩት። ደስ ካላለዎት አልሟገትዎትም።»

ሰውዬው ኮቱን ሳያወልቅ ገባ። ወንበሩን ራሱ መረጠ፤ የፊተኛው መስኮት ሥር። እሷ ከጎኑ ተቀመጠች። ጋሼ፣ ሜትሮ፣ ቀለሜና እትዬ ከኋላቸው ገቡ። በሩ ተዘጋ፤ ፓምፑ ተነሳ። ጩኸቱ ሁሉንም ዋጠ። እሷ ወደ ላይ ላለማየት ከራሷ ጋር ታገለች፤ የገዢውን ኮት ትከሻ ብቻ አየች። ውሃው ወረደ፣ ወረደ። ገዢው በመጨረሻ መዳፉን ወደ ላይ ዘርግቶ፣ ምጽዋት እንደሚጠብቅ ሰው፣ ጣሪያው ሥር ያዘው። ቆየ። መዳፉን ገልብጦ አየው። ደረቅ ነው። ተነስቶ እስከ መጨረሻው ወንበር ድረስ ሄደ፤ ሽፋኖቹን በጣቱ እየዳበሰ ተመለሰ። ፓምፑ እንዲጠፋም በእጁ አመለከተ።

«ነገ መንገድ ላይ ቢያፈስ ተጠያቂው ማነው?»

ልትመልስ ዞር ስትል ከኋላዋ አራት ድምፅ እኩል «እኔ» አለ። አራቱም ተያዩ። ጋሼ ሜትሮን ገላመጡት፤ ሜትሮም ለመጀመሪያ ጊዜ መልሶ ገላመጣቸው። ቀለሜ ጥፋቱን ለመካፈል ይህን ያህል ሽሚያ አይቶ እንደማያውቅ አጉረመረመ። ገዢው ሊስቅ ፈልጎ ተቆጠበና ወንበሩን በመዳፉ መታ መታ አደረገ።

«ይሄ ግራጫ አልወደድኩትም። በሰማያዊ ይሆንልኛል?»

እትዬ መልሱን ለማንም አልለቀቁም። የፈለገውን ሰማያዊ፣ ከፈለገም የባሕሩን፣ ከፈለገም የሰማዩን እንደሚሰፉለት ነገሩት። እሷ ዓይኗን ጨፈነች። ሰው የማይገዛውን አውቶቡስ ወንበር ቀለም አያማርጥም። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

ስምምነቱ ተፈርሞ፣ እንግዳው ተሸኝቶ፣ ግቢው ውስጥ የነበረው መተቃቀፍና ጩኸት ሲበርድ፣ እሷ ብቻዋን ወደ አዳራሹ ተመለሰች። ጋሼን ልትፈልጋቸው ነው። ስለ ጠዋቱ ንግግር ምን እንደምትላቸው ግን አላወቀችም። አይሂዱብኝ ልትላቸው ትፈልጋለች፤ እምቢ ቢሏትም አይፈረድባቸውም።

ገና ከበሩ ጭቅጭቅ ሰማች። ከመጀመሪያው ቀጥሎ በሚሠራው ሁለተኛ አውቶቡስ፣ ላሜራ ባልለበሰው አጥንት ውስጥ፣ ጋሼና ሜትሮ አፍ ለአፍ ገጥመው ይጯጯሃሉ። እግሯን አፍጥና፣ የሁለቱን ቃል የምታለሰልስበትን አረፍተ ነገር በአፏ እያዘጋጀች ስትጠጋ ቃላቱ ተለዩ። ጋሼ ስፌቱ ከብየዳ እንደወጣ፣ ብረቱ ሳይቀዘቅዝ መታሸግ አለበት ይላሉ። ሜትሮ የለም፣ ቀለም ከተቀባ በኋላ ነው ይላል። ጋሼ የጣሪያውን ብረት በመዶሻ እጀታ እየመቱ ያስረዳሉ፤ ሜትሮ ወለሉ ላይ ተንበርክኮ በጠመኔ ይስላል። የድሮዎቹም አዲሶቹም ዙሪያቸውን ከበው፣ ገሚሱ ለዚህ ገሚሱ ለዚያ ይፈርዳል። በነባርና በአዲስ ግን አልተከፈሉም።

ቆመች። ያዘጋጀችውን አረፍተ ነገር ዋጠችው።

ጋሼ አዩዋት። «ምን ቆመሽ ታያለሽ? ነይና ፍረጂን።»

ካፖርቷን አውልቃ አጠገቧ ላለው ሰው አቀበለችና፣ እጅጌዋን እየሰበሰበች በባዶው የበር አጥንት በኩል ገባች።